ለውሻ መራራት የቤትን ጤና መጠበቅ ነው

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ይህ እንስሳ ለሚመግበው ሰው ያለውን ታማኝነት ያስረዳል። ብዙ ውሾች ግን ለዚህ ታማኝነታቸው የሚያገኙት ዋጋ አጭር ሰንሰለትና ዱላ ነው፤ አለዚያም በየመንገዱ ተጥለው ይቀራሉ። ይህን ነገር የምናነሣው ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ተንከባካቢ ያጣ ውሻ በቤተ ሰብ፥ ይልቁንም በሕፃናት ላይ የሚያመጣው አደጋ ከባድ ስለ ሆነ ነው።

ከአደጋዎቹ ሁሉ የሚብሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የበሽታው ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ በኩል ገብቶም ነርቭን እየተከተለ ወደ አንጎል ይደርሳል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይታያል፤ ከታየ በኋላ ግን በሽተኛው ይተርፋል ተብሎ ተስፋ አይደረግም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ ይህ በሽታ አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ውሾችን በመርዝ መፍጀት መፍትሔ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ከንቱ ድካም ነው፤ በሞቱት ፈንታ ያልተከተቡ ቡችሎች ወዲያው ይተካሉና። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ሜስተርን በክትባት ካዳነ ወዲህ፥ የበሽታው መከላከያ ታውቋል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቋረጣል። እንግዲህ ተከትቦ በግቢ የሚያድር ውሻ ለልጆቻችን እንደ አጥር ነው።

ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ የሚከተለውን እንዲፈጽም እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ውሻውን በእንስሳት ሐኪም ማስከተብና ክትባቱን በተወሰነው ጊዜ ማሳደስ፤

ሁለተኛ፥ ንጹሕ ውሃ፥ በቂ ምግብና ከዝናብ የሚከለል ማደሪያ መስጠት፤

ሦስተኛ፥ በበዓል ከታረደው ከብት ሳንባና ጉበት በጥሬው አለመወርወር፤ በዚህ ምክንያት በውሻው አንጀት የሚራባው የኮሶ ትል ዕንቁላል በዓይነ ምድሩ በኩል ወደ ሰው ገብቶ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ያወጣልና፤

አራተኛ፥ የሚወለዱትን ቡችሎች ማሳደግ ካልተቻለ እናቲቱን በሐኪም ማስመከን እንጂ ቡችሎቹን በመንገድ አለመጣል።

አዲስ ውሻ ለማሳደግ የሚፈልግም በገንዘብ ከመግዛቱ አስቀድሞ፥ በአቅራቢያው ባለቤት ያጡ እንስሳት የሚጠበቁበት መጠለያ ካለ ሄዶ ቢመለከት መልካም ነው። በዚያም ስለ ውሻው ክትባት፥ ስለ ጤናውና ስለ ጠባዩ ይጠይቅ። ወደ ቤት ካመጣው በኋላ ጥቂት ቀን ጸጥ ባለ ስፍራ ያቆየው፤ ትናንሽ ልጆችንም ከእርሱ ጋር ብቻቸውን አይተዋቸው። በመንገድ ብዙ የተንገላታ እንስሳ ሰውን ለማመን ጊዜ ያስፈልገዋል። ለመመገብና ለማስከተብ አቅም የሌለው ግን ባይወስድ ይሻላል።

ንክሻ በደረሰ ጊዜ ቁስሉን ሳይዘገዩ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ምልክት እስኪታይ መቆየት ሕይወትን ያሳጣል። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ በቁጣ አይገደል፤ በጥንቃቄ ተይዞ 10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ይጠበቅ። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፥ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን የሚያስተላልፍ እንዳልነበረ ይታወቃል። የተነከሰው ሰው ግን የቀኑን መፈጸም ሳይጠብቅ ሕክምናውን ይጀምር።

በውሻ ምክንያት ከሚመጣው ከዚህ በሽታ የተነሣ እስከ 2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድም ሰው እንዳይሞት የዓለም የጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ ዓላማ አድርገው ይሠራሉ። ይህ ዓላማ የሚፈጸመው ግን በየግቢያችን ነው፤ ውሻውን ያስከተበ ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ልጅ ጠብቋልና።