ዓርብ ማታ በአይሁድ ቤት
ቀላል የቤት ምግቦችና የልጅ አስተዳደግ ልማድ

አንባቢዎች ሆይ! ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፥ ከመላው ቤተ ሰባችሁ ጋራ ባንድ ገበታ ዙሪያ የምትቀመጡት በሳምንት ስንት ቀን ነው? አባት ሲገባ ልጅ ተኝቷል፤ ልጅ ሲነሣ አባት ወጥቷል፤ እናትም በሁለቱ መካከል ያንኑ ወጥ ደጋግማ ስታሞቅ ታመሻለች። ይህ ያንድ ሰው ችግር አይደለም፤ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ልናወራችሁ ያሰብነው፥ ለዚሁ ችግር ከጥንት ጀምሮ አንድ ማታ ለይተው ስላቆዩለት ሰዎች ነው። ማታው የዓርብ ማታ ነው፤ ሰዎቹም አይሁድ ናቸው።

ሰንበታቸውን በሚጠብቁ አይሁድ ቤት፥ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይበዛል። ቤት ይጠረጋል፤ ልጆች ይታጠባሉ፤ ነጭ ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል። እናት በብዙ አገር ልማድ ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ ቀደም ብላ ሻማዎቿን ታበራለች። ከዚያች ደቂቃ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ፥ ይኸውም 25 ሰዓት ያህል፥ እሳት አይጫርም፤ ምግብ አይበስልም፤ ገንዘብ አይቈጠርም። በዘመናችን ደግሞ ስልኩም ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። አይሁድ ሁሉ ይህን አጥብቀው ይፈጽማሉ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ሌላውን ሕግ ከማይጠብቁትም ብዙዎቹ የዓርብን ማታ እራት ከወላጆቻቸው ጋራ መብላትን አልተዉም።

እንግዲህ ምግቡ ሁሉ አስቀድሞ መሰናዳት ስላለበት፥ የአይሁድ እመቤት ጥበብ ያለው ቀላልና የሚቈይ ምግብ በመሥራት ላይ ነው። ደግሞም ሥጋና ወተት ባንድ ገበታ እንዳይገናኙ ሕጋቸው ስለሚከለክል፥ ድስቱም ማንኪያውም ለየብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በምንነግራችሁ አሠራር ውስጥ ቅቤም ወተትም አታገኙም፤ ዘይት ብቻ ነው። ይህም በጾም ወራት ዘይት ለለመደው ላገራችን ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

፩ኛ. የሰንበት ዳቦ

በገበታው ላይ ሁለት ዳቦ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሁለት የሆነበት ምክንያት፥ እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ዓርብ ዓርብ እጥፍ መና ይወርድላቸው እንደ ነበረ ለማስታወስ ነው። ዳቦው «ሐላ» ይባላል። ስሙ የመጣው በኦሪት ሕግ ከሊጥ ተቈርሶ ለካህን ይሰጥ ከነበረው ድርሻ ነው። ዛሬም ሊጡ ብዙ ሲሆን እመቤቲቱ ጥቂት ቈርሳ ታቃጥላለች እንጂ ሁሉንም አትጋግረውም።

አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፥ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፥ ሦስት እንቍላል፥ ግማሽ ኩባያ ዘይት፥ ሲሶ ኩባያ ስኳር፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና ሁለት ኩባያ የማይሞላ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ። እርሾውን በጥቂት ስኳርና በለብታው ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ አረፋ ሲያወጣ የቀረውን ሁሉ ጨምራችሁ ሊጡ ከእጅ እስኪላቀቅ ድረስ አሹት። ሸፍናችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ካቈያችሁት በኋላ ለሁለት ክፈሉት፤ እያንዳንዱንም ሦስት ሦስት አድርጋችሁ እንደ ሹሩባ ጐንጕኑት። ከዚያ ሌላ ሦስት ሩብ ሰዓት ኩፍ ይበል። ላዩን እንቍላል ቀብታችሁ ሰሊጥ ነስንሱበትና በ180 ዲግሪ ሙቀት ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሩት። ፉርኖ የሌለው ሰው ግማሹን ሊጥ በወፍራም ድስት ውስጥ ኮባ አንጥፎ፥ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ እያገላበጠ ይጋግረው።

ጕንጐናውን ለልጆች ተዉላቸው። ቢጣመምም ግድ የለም። ልጅ በገዛ እጁ የጐነጐነውን ዳቦ አልበላም ሲል የተሰማበት ቤት እምብዛም ነው።

፪ኛ. ሌሊቱን የሚበስል ወጥ

ቅዳሜ እሳት ካልተጫረ ትኩስ ምግብ ከየት ይመጣል? ብልሃቱ እሳቱን ዓርብ ቀን ለኵሶ፥ ድስቱን እስከ ቅዳሜ ምሳ ድረስ ለስላሳ ሙቀት ላይ መተው ነው። ይህ ወጥ «ሐሚን» ይባላል፤ ሙቅ ማለት ነው። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ደግሞ «ቾለንት» ይሉታል። በዚያ አገር በየቤቱ ፉርኖ ባልነበረበት ዘመን፥ ሰው ሁሉ ድስቱን ዓርብ ወደ ሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ወስዶ ቅዳሜ ከጸሎት መልስ ይቀበል ነበር።

ለስድስት ሰው አንድ ኩባያ ነጭ ቦሎቄና ግማሽ ኩባያ ሽምብራ አሳድራችሁ ንከሩ። በማግስቱ ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት አፍሉት። በትልቅ ድስት ሁለት ሽንኩርት በዘይት አቍሉ፤ አጥንት ያለው ሦስት ሩብ ኪሎ የበሬ ሥጋ፥ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፥ አራት ድንች፥ ግማሽ ኩባያ የተከካ ገብስ፥ ቦሎቄውንና ሽምብራውን ጨምሩ። በርበሬ፥ ጨውና ቍንዶ በርበሬ እንደ ወደዳችሁ ይግባ። ታጥበው ከነቅርፊታቸው ስድስት እንቍላሎች በላዩ ይቀመጡ። ውሃው ከሁሉ በላይ ሦስት ጣት ያህል ይለፍ። አንድ ሰዓት ከፈላ በኋላ ክዳኑን ገጥማችሁ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ሲወጣ እንቍላሉ ቡናማ፥ ሥጋው ከአጥንቱ የተላቀቀ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በከሰል ምድጃ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ወጥ ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታሳድሩት፤ የከሰል ጢስ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቀን በአምስት ወይም በስድስት ሰዓት ውስጥ ብታበስሉት ጣዕሙ ብዙም አይለይም።

፫ኛ. ልጆች የሚሠሩት ጣፋጭ

በፋሲካቸው ሌሊት በገበታው ላይ ከሚቀርቡት አንዱ «ሐሮሴት» ነው። አባቶቻቸው በግብፅ ሲገዙ ጡብ ያያያዙበትን ጭቃ ያስታውሳል፤ ጣዕሙ ግን ከጭቃ ጋራ አይገናኝም። ሦስት ፖም ልጣችሁ አድቅቁ፤ አንድ ኩባያ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ወይም ሌላ ለውዝ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና ሦስት የሾርባ ማንኪያ የወይን ጭማቂ አደባልቁበት። እሳት አያስፈልገውም። ፖም የተወደደበት ሰው በተምር ይሥራው፤ የምሥራቅ አገር አይሁድ የሚሠሩት በተምር ነው።

ከገበታው የሚገኘው ትምህርት

እስካሁን ስለ ሆድ አወራን፤ ነገር ግን የዓርብ ማታ ዋና ጕዳይ ሆድ አይደለም። ከመብላት በፊት አባት፥ ባንዳንድ ቤትም አባትና እናት፥ በእያንዳንዱ ልጅ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ይመርቃሉ። ወንዱን እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ ሁን ይሉታል፤ ሴቲቱን እንደ ሣራ፥ እንደ ርብቃ፥ እንደ ራሔልና እንደ ልያ ሁኚ ይሏታል። በኦሪት ውስጥ ስንት ታላላቅ ሰዎች ሳሉ ኤፍሬምና ምናሴ ለምን ተመረጡ? ብዙዎች ሲያስረዱ፥ ታናሹ ከታላቁ በፊት ተመርቆ ሳለ ያልተጣሉ ወንድማማች ስለ ሆኑ ነው ይላሉ። በሳምንቱ ውስጥ የተቈጣ አባት ቢሆን እንኳ፥ ዓርብ ማታ እጁን በልጁ ራስ ላይ ሳይጭን አይቀመጥም። ልጁም ቍጣው ማለፉን ያለ ንግግር ይረዳዋል።

ታልሙድ የተባለው የሊቃውንቶቻቸው መጽሐፍ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚናገረው ብዙ ነው። ከዚህም ሦስቱን እንንገራችሁ። አንደኛው፥ ለልጅ ይህን እሰጥሃለሁ ብሎ ተስፋ ሰጥቶ መቅረት ልጁን ውሸት ማስተማር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ልጅን በግራ እጅ ገፋ ሲያደርጉ በቀኝ እጅ ሳብ ማድረግ ይገባል የሚል ነው፤ ቀኝ እጅ ከግራው እንደሚበረታ ልብ በሉ። ሦስተኛው፥ አባት ልጁን ሕግና የእጅ ሥራ እንዲያስተምር ያዛል፤ አንዳንዶቹ ሊቃውንት ዋናም ያስተምረው ብለዋል። አባት ሁልጊዜ ከጎኑ ሊቆም አይችልምና፥ ልጅ ራሱን ችሎ ከውሃ የሚወጣበትን ማወቅ አለበት።

የፋሲካ ሌሊት ደግሞ የልጆች ሌሊት ነው። ከቤቱ ታናሽ የሆነው ልጅ ይነሣና፥ ይህች ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች በምን ተለየች ብሎ ይጠይቃል። ታላላቆቹ ታሪኩን የሚተርኩት ለዚህ ጥያቄ መልስ አድርገው ነው። እንቅልፍ እንዳይወስዳቸውም አንድ ቍራሽ ቂጣ ይደበቅና ያገኘው ልጅ ስጦታ ይቀበላል።

ከጎንደር እስከ እስራኤል

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በጎንደር አውራጃዎች፥ በደምቢያ፥ በወገራና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፥ ሰንበትን ከማንም ባላነሰ ጥብቅነት ይጠብቁ ነበር። እንዲያውም በቤታችሁ እሳት አታንድዱ የሚለውን ቃል አጥብቀው ወስደው፥ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃቸውን ያጠፉ ነበር። ስለዚህ ሐሚንን አያውቁም ነበር፤ የሰንበት ምግባቸው ቀዝቃዛ ነበር። ዳቦውን ግን ሴቶቹ ዓርብ ጋግረው ወደ ጸሎት ቤት ይወስዱታል፤ ቄሱ ባርኮ ይቈርሰዋል። ትእዛዘ ሰንበት በተባለው በግእዝ በተጻፈው መጽሐፋቸው ሰንበት እንደ አንዲት የከበረች ሴት ተደርጋ ትታያለች። በሌላ አገር ያሉት አይሁድም ዓርብ ማታ ሰንበትን እንደ ሙሽራና እንደ ንግሥት ይቀበላሉ።

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሆኑ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ተጓዙ። ጕዞው የተጀመረው ዓርብ ግንቦት 16 ቀን ነበር፤ ቅዳሜም ቀጠለ። ሰንበት ለምን ተሻረ ብትሉ፥ በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ከሰንበት ይበልጣል። ምድጃውን ለሰንበት ሲል ሲያጠፋ የኖረ ሕዝብ፥ በሰንበት ቀን ከሰማይ በላይ ተጓዘ።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ፈተና መጣ። ልጆች የዕብራይስጥ ቋንቋን በጥቂት ወራት ለመዱ፤ ወላጆች ዘገዩ። ሐኪም ቤት ሲኬድ ልጅ አስተርጓሚ ሆነ፤ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤም አንብቦ የሚነግረው የተከሰሰበት ልጅ ራሱ ሆነ! በታላላቆች ፊት ዐይኑን ሰብሮ ዝም እንዲል የተማረ ልጅ፥ እጁን አንሥቶ ጠይቅ፥ ተከራከር በሚሉት መምህራን ዘንድ ደካማ መሰለ። ቤት ውስጥ ሲከራከር ደግሞ ባለጌ ተባለ። የአባት ክብር ካልፈረሰ ልጅ አይማርም፤ ልጅ ካልዘመነ አይኖርም የተባለ እስኪመስል ድረስ ብዙ ቤት ተጨነቀ።

ታዲያ የዓርብ ማታ ገበታ እዚህ ላይ ትጠቅማለች። እናት ሊጥ ስታቦካ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፤ ዕውቀቱ ያለው በእርሷ እጅ ነውና ልጁ ተማሪ ይሆናል። አባት ስለ ትውልድ መንደሩ ሲተርክም የሚያርመው የለም። ባንዳንድ ገበታ ላይ የተጐነጐነው ሐላና ክቡ ዳቦ፥ ዶሮ ወጡና ሐሚኑ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። በዚያች ማታ ልጅ መጠየቁ እንደ ብልግና አይቈጠርም፤ አባት መልስ መስጠቱም ክብሩን አይቀንስበትም።

አንባቢዎች ሆይ! የሌላውን ሃይማኖት ሥርዐት ውሰዱ አንላችሁም፤ ሁሉም የየራሱ በዓልና ጾም አለው። ነገር ግን በሳምንት አንዲት ማታ መርጣችሁ ስልካችሁን መሳቢያ ውስጥ ብታስገቡ፥ ከልጆቻችሁ ወይም ከታናናሾቻችሁ ጋራ ሊጥ ብትጐነጕኑ፥ ሲጠይቋችሁም ሳትቈጡ ብትመልሱላቸው ምን ትከስራላችሁ? የሚወጣው ወጪ አንድ ኪሎ ዱቄትና ሦስት እንቍላል ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ዳቦው ሊያርባችሁ ይችላል፤ በሁለተኛው ዓርብ ልጆቹ ራሳቸው ዱቄቱ የት አለ ብለው ይጠይቋችኋል።