ግሉኮስ ምግብ ነውን? በደም ሥር ስለሚሰጥ ቅባት



አንድ ሰኞ የባቲ ገበያ በደራበት ሰዓት አንድ አዛውንት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገቡ። ባለቤታቸው በሪፈር ደሴ ተልከው ራሳቸውን ሳያውቁ ተኝተዋል። «ልጄ፣ አምስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ጠንከር ያለ ግሉኮስ ስጪኝና ልውሰድላት» አሉኝ።

«አባቴ፣ ግሉኮስ እኮ ምግብ አይሆንም» ስላቸው ደነገጡ። እውነትም ብዙዎቻችን ከአልጋው በላይ ከረጢት ከተሰቀለ በሽተኛው የበላ ይመስለናል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በአንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው፤ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ክብደቱ 50 ኪሎ የሆነ ጽኑ ሕመምተኛ ግን በቀን ወደ 1250 ካሎሪ ያስፈልገዋል። በዚህ ግሉኮስ ብቻ ይመገብ ቢባል ከስድስት ሊትር በላይ ሊፈስበት ነው፤ ሰውነቱ በውኃ ያብጣል። የ40 በመቶው ደግሞ ስኳሩ ለወረደበት ሰው የሚሰጥ ሲሆን የክንድን ደም ሥር ያቃጥላል።

ቅባት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ባለ 20 በመቶ የሆነው የደም ሥር ቅባት በ250 ሚሊ ሊትር ብቻ 500 ካሎሪ ይሰጣል። መልኩ ወተት ይመስላል። የአኩሪ አተር ዘይት እጅግ ደቅቆ፣ ከእንቁላል አስኳል በሚወጣ ቅባት ከውኃ ጋር ተዋሕዶ፣ ግሊሰሪን ተጨምሮበት ይሠራል። ተራ ዘይት በደም ሥር ቢገባ ሳንባን ዘግቶ ይገድላል። ችግሩን የፈቱት ስዊድናዊው ዶክተር አርቪድ ሬትሊንድ ሲሆኑ፣ ኢንትራሊፒድ የተባለው ምርታቸው እ.ኤ.አ. በ1962 በአገራቸው ተፈቀደ። ዛሬ የወይራና የዓሣ ዘይት የተቀላቀለባቸውም አሉ። ለእንቁላል ወይም ለአኩሪ አተር አለርጂክ የሆነ በሽተኛ ካለ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ።

በአገራችን ይህ ቅባት በየሆስፒታሉ አይገኝም። ሆኖም ቤተሰቦቻችን ሳያውቁት ያዩታል፤ ለማደንዘዣ የሚሰጠው ነጩ ፕሮፖፎል የሚቀርበው በዚሁ ዓይነት ቅባት ውስጥ ነው። «ወተት በደም ሥር ሰጡት» የሚባለው ወሬ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

ቢገኝም የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። አንጀት የሚሠራ ከሆነ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ መመገብ ይሻላል፤ ኢንፌክሽኑም ወጪውም ያንሳል። በደም ሥር የሚመገበው አንጀቱ የተዘጋ፣ የተቀደደ ወይም ተቆርጦ ያጠረ በሽተኛ ነው።

ለብዙ ቀን የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢመገብ በደሙ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ባቲ ትልቅ መጠለያ ነበረባት፤ ያን ጊዜ ያዩ ሰዎች ይህ አይጠፋቸውም። ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናትም መጀመሪያ ቀለል ያለው ኤፍ 75 ወተት፣ ቀጥሎ ኤፍ 100 የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

በጣም የሚያስፈራኝ ግን ጠያቂ የሚያመጣው ነው። ራሱን ለማያውቅ ሰው ዘምዘምም ሆነ ማር በአፉ አታድርጉ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። አጥሚት በቱቦው የሚገባው ነርሷ ስትፈቅድ ብቻ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ቱቦውን ይደፍነዋል።

ስለ ጾም የሚጠይቁም አሉ። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የሕክምና መርፌ ጾም አያፈርስም ሲል ምግብነት ያላቸውን ፈሳሾች ለይቶ አውጥቷቸዋል። እንዲህ የታመመ ሰው ግን ቀድሞውንም ጾሙ ተነሥቶለታል።

ለአዛውንቱ ግሉኮሱን አልሸጥኩላቸውም። በወረቀት ሦስት ጥያቄ ጻፍኩላቸው፦ አንጀቷ ይሠራል ወይ? ቱቦ ሊገባላት ይችላል ወይ? በቀን ምን ያህል ካሎሪ እያገኘች ነው? ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጡ።