የጽዋው ተራ

ክርስቲያን የሆነ ተማሪ ሃይማኖቱን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዴት ይኖረዋል? ለባልንጀራውስ እንዴት ያካፍለዋል? ይህ ጥያቄ በመኝታ ክፍላችን፣ በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ በየጊዜው ይነሣል። የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም። አንደኛው ወገን «ሃይማኖት የልብ ጉዳይ ነው፤ ለብቻህ ጸልይ፤ ሌላውን ተወው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጥቅስ በጥቅስ ላይ እየደረደረ እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል፤ ሲነጋም ተከራካሪዎቹ ሰላም አይባባሉም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ መልስ ለማሳየት እንሞክራለን። መልሱ አዲስ ግኝት አይደለም፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን በየወሩ በየቤታቸው ሲያደርጉት እያየን ያደግነው የጽዋ ማኅበር ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ማኅበርተኞች መሆናችንን ለማሳወቅ አይደለም። ጽዋ እየጠጣን ማኅበሩን ልናፈርሰው የደረስንበት ጊዜ ስለ ነበረ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ፤ ከመካከላችን በከተማ ያደገው ወይም ከሌላ ሃይማኖት የመጣው ሁሉ ሥርዐቱን ያውቃል ለማለት አይቻልምና።

ማኅበር ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየወሩ የምታስባቸው በዓላት አሏት። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይታሰባሉ። ከእነዚህ በዓላት አንዱን መርጠው በየወሩ በዚያ ቀን በተራ በአባላቱ ቤት የሚሰበሰቡ ሰዎች አንድነት የጽዋ ማኅበር ይባላል። የአባላቱ ቍጥር በብዙ ቦታ 12 ነው። ቍጥሩ የሐዋርያት ከመሆኑም በላይ፣ ዓመቱ ከጳጕሜን በቀር 12 ወር ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ጊዜ እንዲደርሰው ይመቻል። ከዚህ የሚያንስም የሚበልጥም ማኅበር ግን አለ።

ማኅበር ከሌሎች ልማዶቻችን ጋር እንዳይምታታ ልዩነቱን በአጭሩ እንግለጽ። አንድ ሰው ለብቻው፣ ለተሳለው ወይም ለሚወደው ቅዱስ መታሰቢያ ደግሶ ሰው ቢጠራ ዝክር ነው። ምእመናን በተራ እያዘጋጁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከካህናቱና ከነዳያኑ ጋር የሚበሉት ሰንበቴ ነው። ለቀብርና ለኀዘን የሚዋጣበት ዕድር ሲሆን፣ እርሱ ሃይማኖት ሳይለይ ጎረቤትን ሁሉ ያቅፋል። ማኅበር ግን የቤት ነው፤ የተራ ነው፤ የጽዋም ነው።

በማኅበሩ ቀን ባለ ተራው ቤቱን ጠርጎ ቄጤማ ይጐዘጕዛል። ዳቦ ይጋገራል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ቆሎው ይቆላል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባርከው ይቈርሳሉ። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል፤ ስሙ የነቢዩ ስም ነው፤ ሥራውም መስተንግዶው በሥርዐት እንዲሆን፣ የቀረው ሰው ለምን እንደ ቀረ እንዲጠየቅ፣ የተጣላ እንዲታረቅ ማድረግ ነው። ተበልቶና ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለ ተራ ይሰጣል። ተረካቢው በአክብሮት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላሳ ቀን ያህል ጽዋው በእርሱ ዘንድ አደራ ነው።

ሥርዐቱ ምን ያስተምራል?

በውጭ ለሚያየው ሰው ይህ ሁሉ መብልና መጠጥ ይመስላል። ነገር ግን በጥሞና ለሚመለከተው ሦስት ታላላቅ ነገሮች አሉበት።

አንደኛው ተራ ነው። በማኅበር ውስጥ ሁልጊዜ የሚሰጥ ጌታ፣ ሁልጊዜ የሚቀበል ለማኝ የለም። በዚህ ወር የጠጣው በሌላ ወር ያጠጣል። ሀብታሙ በደኀው ቤት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ደኀውም በሀብታሙ ቤት አንገቱን ሳይደፋ ይበላል። ምጽዋት ብዙ ጊዜ ተቀባዩን ያሳፍራል፤ ተራ ግን አያሳፍርም።

ሁለተኛው ዕርቅ ነው። ማኅበርተኞች ተኰራርፈው ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ነው። ስለዚህ ጠብ ቢኖር ሙሴውና ቄሱ መካከል ገብተው ያስታርቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ሊሻክር የሚችል ቂም በወር አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይገደዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው የተከፈተ በር ነው። በማኅበር ቀን የመጣ እንግዳ አይመለስም። ክርስቶስ ራሱን ከተራበው፣ ከተጠማውና ከእንግዳው ጋር አንድ አድርጎ መናገሩን የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ይነግረናል። እናቶቻችን ወንጌሉን ማንበብ ባይችሉ እንኳ ይህን ቃል በደጃፋቸው ፈጽመውታል።

ይህ ሁሉ መሠረቱ ጥንታዊ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በኢየሩሳሌም ያላቸውን በአንድነት አድርገው፣ በየቤቱ ኅብስት እየቈረሱ በደስታ ይመገቡ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 2 ጽፏል። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ በየቀኑ ሰዎች ይጨመሩላቸው እንደ ነበር ተነግሯል። ሐዋርያት መስበካቸው እርግጥ ነው። ሕዝቡ ግን የሰማውን ስብከት በየቤቱ በማዕድ ላይ ያየው ነበር። ሃይማኖትን መኖርና ሃይማኖትን ማካፈል በዚያን ጊዜ ሁለት ሥራ አልነበሩም።

የእኛ ስሕተት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአንደኛው ዓመት ትምህርታችን 12 ተማሪዎች ሆነን የማርያምን ማኅበር ጀመርን። ሙሴም መረጥን። የመጀመሪያው ባለ ተራ ዳቦና ቆሎ አቀረበ፤ በፔርሙስ ሻይ አመጣ፤ አልጋ ላይ ተደርድረን ጸልየን በላን። ከዚያን ምሽት የበለጠ ደስ ያለን ጊዜ ትዝ አይለንም። የሁለተኛው ወር ባለ ተራ ለስላሳ መጠጥ ጨመረ። ሦስተኛው ከቤቱ ድፎ ዳቦ አስጋገረ። በአምስተኛው ወር ባለ ተራው ዘመዶቹ ቤት ወስዶን ዶሮ ወጥ አበላን። ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም። ነገር ግን እያንዳንዱ ከፊተኛው ላለማነስ ይጣጣር ስለ ነበር፣ ማኅበሩ ሳናውቀው የፉክክር ድግስ ሆነ።

በስድስተኛው ወር ጽዋውን መረከብ የነበረበት ከገጠር የመጣ ጓደኛችን ነበር። በመረከቢያው ቀን ቀረ። አሞት ይሆናል አልን። በሚቀጥለውም ወር ቀረ። ከዚያ ወዲያ ስናገኘው መንገድ እያሳበረ ይሄድ ጀመር፤ ምሳውንም እኛ ወጥተን ካለቅን በኋላ ገብቶ ይበላል። እኛ ምን አደረግን? ሄደን እንደ መጠየቅ ከበስተኋላው አማነው። አንዳንዳችን «ሃይማኖቱ ቀዝቅዟል» አልን፤ አንዳንዳችንም «ወደ ሌላ ሄዷል» አልን። ይህን የተናገርነው ጽዋ በጠጣንበት አፍ መሆኑን ዛሬ ስናስበው እናፍራለን።

በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ ለብቻው አግኝቶ ጠየቀው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ጽዋውን ተቀብዬ ምን ላጠጣችሁ?» አለው። ከዚህ የበለጠ አልተናገረም።

በድርሳነ ሚካኤል የሚገኘውን የዱራታኦስንና የሚስቱን የቴዎብስታን ታሪክ አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በየወሩ የመልአኩን በዓል ያከብሩ የነበሩት እነዚህ ባልና ሚስት በድርቅ ምክንያት ሲደኸዩ፣ ዝክሩ እንዳይቀር ልብሳቸውን ለመሸጥ ቈረጡ፤ ሚካኤልም ተገልጦ ረዳቸው። ታሪኩን በሰማን ቍጥር የእነርሱን ጽናት እናደንቃለን። ከጓደኛችን ነገር በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብን። ዱራታኦስ ልብሱን ሊሸጥ ሲወጣ ከዚያ በፊት በቤቱ ሲበሉ የነበሩት ጎረቤቶቹ የት ነበሩ? እኛ በታሪኩ ውስጥ ራሳችንን ሁልጊዜ በዱራታኦስ ቦታ እናስቀምጣለን። በመኝታ ቤታችን ግን የቆምነው በእነዚያ በጎረቤቶቹ ቦታ ነበር።

ሙሴያችን ሁላችንንም ሰብስቦ ወደ ልጁ ወሰደን፤ ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያም አዲስ ደንብ አወጣን። በማኅበራችን ከዳቦ፣ ከቆሎና ከሻይ በላይ ማቅረብ ተከለከለ። የተረፈው ያለው ሰው ቢኖር በሣጥን ውስጥ ያስገባል፤ ማን ምን ያህል እንዳስገባ አይጻፍም። ገንዘቡም ለታመመ፣ መጽሐፍ ላጣ፣ ለኀዘን ወደ አገሩ ለሚሄድ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ጓደኛችንም በሰኔ ወር ጽዋውን ተረክቦ እናቱ የላከችለትን የገብስ ቆሎ አቀረበልን። እስከ መጨረሻው ፍሬ በላነው።

ከማኅበሩ ውጭ ላለውስ?

ይህን ካስተካከልን በኋላ ሌላ ነገር ቀረብን። ማኅበርተኛው ተዋደደ እንበል፤ ከበሩ ውጭ ላለው ምን አለው? እዚህ ላይ ጾማችንን ለምሳሌ እንውሰድ። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀኖች እንጾማለን። በግቢያችን ግን ጾም የወጥ ለውጥ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። አባቶች ያስተማሩት ጾመኛው የተወው ምግብ የተራበው ሰው ድርሻ መሆኑን ነው። ያልበላነው ምሳ የት እንደ ገባ ካልጠየቅን፣ ጾማችን ለሆዳችን ዕረፍት ነው እንጂ ለማንም እንጀራ አይሆንም።

ይህ ለተማሪ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ የዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ይመሰክራል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ በተሰማ ጊዜ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች ቍርሳቸውን ትተው ወጪው ለተራቡት እንዲውል አድርገዋል። ያን ያደረጉት ክርስቲያኖች ብቻ አልነበሩም፤ ሁሉም በሃይማኖት ስም አደረጉት ለማለትም አንደፍርም። ነገር ግን ጾም ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ተማሪ ያ ባዶ የቍርስ ገበታ በቂ ትርጓሜ ነው።

እንግዲህ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሆነው ወንድማችንስ? በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ስንተኛ ሁለቱ እስላሞች፣ አንዱ ጴንጤ ነው። የተባረከውን ዳቦ አንዱ ይቀበላል፤ ሌላው ሃይማኖቱ አይፈቅድለትምና ይተዋል፤ ባለመብላቱ አንቀየምም። ሻዩን ግን ሁላችንም እንጠጣለን። በወሎ ክርስቲያኑ ለሠርጉ እስላም ጎረቤቱን ሲጠራ፣ እንግዳው ራሱ ባርኮ የሚያርደው ከብት ለይቶ እንደሚያዘጋጅለት፣ እስላሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ይህ ሃይማኖትን ማደባለቅ አይደለም፤ የራስን ሳይለቁ የሰውን ማክበር ነው።

ባለፈው ዓመት ከማኅበርተኞቻችን የአንዱ እናት ዐረፉ። እኛ ገና ሣጥኑን ከፍተን ስንቈጥር፣ እስላም የሆነው የክፍላችን ልጅ ቀድሞን በየመኝታ ክፍሉ እየዞረ ገንዘብ አሰባስቦ መጣ። «ሣጥኑ እንዴት እንደሚሠራ ሳያችሁ ከርሜ የለም እንዴ?» አለን። ስለ ሃይማኖታችን ለዚህ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ተከራክረን አናውቅም። እርሱ ግን የሚሻለውን ክፍል አይቶ ወሰደ፤ ደግሞም ለእኛ መልሶ አስተማረን።

ይህን ስንል ስለ ሃይማኖት መናገር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የምናምነውን በግልጥና በትሕትና መመለስ ግዴታችን ነው፤ ለዚህም መጽሐፉን ማወቅ ያሻል። የምንለው፣ ከማዕዱ በፊት የሚቀርብ ክርክር የሚያተርፈው ኵርፊያን ነው፤ አብሮ ከተበላ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ከልብ ነው።

ስለዚህ ማኅበር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሦስት ነገር እንድትመረምሩ እንለምናለን። ከመካከላችሁ ተራውን የፈራ ሰው አለን? ሳይታረቅ የሚጠጣ አለን? በራችሁስ ሲንኳኳ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ «ማነው?» ነው ወይስ «ግባ»? ማኅበር የሌላችሁም ብትሆኑ ለመጀመር ዳቦና ቆሎ ይበቃል። በሐሳባችን የማይስማማ ቢኖር በሚመጣው እትም ይጻፍልን፤ እኛም በደስታ እናነበዋለን። ለጊዜው ግን ጽሑፋችንን በዚህ እንፈጽማለን፤ የወሩ 21 ነገ ነውና፣ ባለ ተራው ወንድማችን ሻዩን የሚያመጣበት ፔርሙስ ስለ ጠፋበት አብረን ልንፈልግለት ይገባል።