አፍንጫን ዝም የሚያሰኝ ሞለኪውል

ቡሹ ያበላሸው ወይን ጠጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? ጠርሙሱ ሲከፈት እርጥብ ካርቶን ወይም ተዘግቶ የከረመ ምድር ቤት ይሸታል። እኔን ግን ከሻጋታው ሽታ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ የፍሬው መዓዛ ድራሹ ይጠፋል። የት ሄደ? መዓዛውን የሚሰጡት ሞለኪውሎች እኮ ከወይኑ አልወጡም፣ ብርጭቆው ውስጥ እንዳሉ ናቸው። መዓዛው የጠፋው እኛው አፍንጫ ውስጥ ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልነግር አላልፍም፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ጥፋተኛው ትራይክሎሮአኒሶል ይባላል፤ ባለሙያዎች ቲሲኤ እያሉ ያሳጥሩታል። ክሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ቡሹን ወይም እንጨቱን ሲነኩ፣ እዚያ ያደሩ ሻጋታዎች ራሳቸውን ከመርዙ ለማዳን ይለውጡትና ቲሲኤ ያደርጉታል። ወይን ለማበላሸት በአንድ ሊትር ውስጥ 5 ናኖግራም ያህል ይበቃዋል። አስቡት፤ በዚህ ስሌት 1 ግራም ቲሲኤ 200 ሚሊዮን ሊትር ወይን ያበላሻል!

እንዲህ ያለች ኢምንት ነገር ይህን ሁሉ እንዴት ልትሠራ ቻለች? መልሱን ለማየት አፍንጫችን ውስጥ እንግባ። ከአፍንጫችን ጣሪያ ላይ ሽታ የሚቀበሉ የነርቭ ህዋሶች አሉ። እያንዳንዱ ህዋስ በላዩ ላይ አንድ ዓይነት ተቀባይ ፕሮቲን ያበቅላል፤ ሰው እንዲህ ያሉ 400 ገደማ የተቀባይ ዓይነቶች አሉት። የእነዚህን ተቀባዮች የዘረመል ቤተሰብ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል በ1991 እ.ኤ.አ. አገኙት፤ በ2004 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ሥራውን እንደ እድር አስቡት። ተቀባዩ ደጅ ላይ የቆመ ሰው ነው። የሚያውቀው የሽታ ሞለኪውል ሲመጣ ውስጥ ላለው ጥሩምባ ነፊ ይነግረዋል። ጥሩምባው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ናት፤ በአንድ ጊዜ በብዛት ተሠርታ በህዋሱ ውስጥ ትሰራጫለች። ጥሩምባው ሲሰማ በህዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ በሮች ይከፈታሉ፤ ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ። የገባው ካልሲየም ደግሞ ሌሎች በሮችን ይከፍትና ክሎራይድ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ይሄኔ ምልክቱ ይጎላል፣ መልእክቱም ወደ አንጎል ይነጉዳል። ያው ካልሲየም ዞሮ መጥቶ የመጀመሪያዎቹን በሮች ያለዝባቸዋል። ዕጣን ወደታጠነበት ቤት ስትገቡ ሽታው መጀመሪያ ተቀብሏችሁ ቆየት ሲል የሚጠፋባችሁ በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ይህን ሰንሰለት አንድ ኬሚካል በየትኛውም ቦታ ሊበጥሰው ይችላል። የመጀመሪያው ቦታ ደጁ ነው፤ ሞለኪውሉ ተቀባዩ ላይ ይቀመጥና ሳያስነሳው ቦታውን ይይዝበታል። በሰው ተቀባዮች ላይ የታየ ምሳሌ አለ። ቡርጆናል የተባለውን የአበባ ሽታ የሚያውቀውን ተቀባይ፣ ኡንዴካናል የተባለ ሌላ ሽታ ያለው ሞለኪውል ያግደዋል። በ2020 ደግሞ በአይጥ ላይ የተሠራ ጥናት ይህ ብርቅ አለመሆኑን አሳየ፤ ሽታዎች ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ምላሽ በብዙ ህዋሶች ላይ ያዳክመዋል፣ ሲልም ያጎላዋል። ስለዚህ የሽቶ ቅመማ እንደ ጨውና በርበሬ ዝም ብሎ መደመር አይደለም፤ ከተጨመሩት አንዱ ሌላውን ዝም ሊያሰኘው ይችላል።

ቲሲኤ ግን ደጁን አይነካም፤ ታሪኩን ያጣፈጠልኝም ይኸው ነው። በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ሂሮኮ ታኬኡቺና ታካሺ ኩራሃሺ ከባልደረባቸው ጋር፣ ኒውት ከሚባል እንሽላሊት መሰል የውሃ እንስሳ አፍንጫ አንድ አንድ ህዋስ ነጥለው የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ለኩ። ተቀባዩን አልፈውም ሳይክሊክ ኤኤምፒውን ራሳቸው ህዋሱ ውስጥ በብርሃን ለቀቁት። በእኛ ምሳሌ፣ ደጅ የቆመውን ትተው ጥሩምባውን ራሳቸው ነፉት ማለት ነው። ጥሩምባው እየተሰማ፣ ቲሲኤ ባለበት በሮቹ አልከፈት አሉ! አቅሙም ሽታ ለመሸፈን ከሚታወቁት ንጥረ ነገሮች ከ100 እስከ 1000 እጥፍ ይበልጣል። ለምን ይህን ያህል እንደበረታ ሲመረምሩ፣ ቅባት የሚወድ ሞለኪውል ስለሆነ የህዋሱ ቅባታማ ሽፋን ውስጥ ገብቶ በሮቹን ከጎን ሳይጫናቸው አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ስለዚህ መዓዛው የጠፋው በሻጋታ ሽታ ተሸፍኖ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ተዘግቶበት ነው። ያንን የሻጋታ ሽታ ራሱን እንኳ የህዋሶቹ ዝምታ ሊፈጥረው እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ጠቁመዋል። የምልክት መጥፋት ራሱ ሽታ ሆኖ ሲሰማ! እኔ ይህን ሐሳብ ካነበብኩ ወዲህ ስለ ሽታ የማስበው ሁሉ ተለውጧል።

ነገሩ የወይን ጠጪዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በብራዚል ቡና ላይ ሪዮ የሚባል የታወቀ የጣዕም ብልሽት አለ፤ በ1990 የታተመ ጥናት ከዚሁ ከቲሲኤ ጋር አያይዞታል። ቡና ለሚያከማች ሰው እርጥበትና ሻጋታ ጠላቶቹ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አልሄድም፤ ኬሚካሉ ሌላ ነው፣ የሚያፍነው ግን ያንኑ አፍንጫ ነው። የፍሳሽ ማጠራቀሚያና የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 100 ገደማ ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውን ይጥላል፣ ይገድላል። ጉድጓድ የሚያጸዳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ እባካችሁ ይህን ንገሩት፦ ሽታው ድንገት ከጠፋ አየሩ ጸዳ ብሎ እንዳይቀጥል፣ በፍጥነት ይውጣ። ውስጥ የወደቀ ሰው ቢያይም ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎት አይግባ።