የምንዛሪ ዋጋና የባሕር ማዶ ትምህርት፤ የማሌዢያ ልምድ

አንድን ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር መላክ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚዘልቅ ግዴታ መግባት ነው። ተማሪው በሚሄድበት ጊዜ የትምህርቱ ክፍያ ቢታወቅም፣ ያው ክፍያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በአገሩ ገንዘብ ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ወላጅም ሆነ የፕላን ባለሙያ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ትምህርቱ ከመካከል ከተቋረጠ ደግሞ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ያለ ዲግሪ ይቀራል። ችግሩ ብዙ አገሮችን ያጋጠመ ቢሆንም እንደ ማሌዢያ ተደጋግሞ የተፈተነና ለፈተናውም መልስ የፈለገ አገር ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በማሌዢያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ በኮታ ይመደብ ስለነበር ለማላዮችና ለሌሎች ነባር ሕዝቦች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። በዚህም የተነሣ በርካታ የቻይናና የሕንድ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች፣ የልጆቻቸው ውጤት ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ በአገር ውስጥ ቦታ ስላላገኙ በግል ወጪያቸው ወደ ብሪታኒያ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ ይልኳቸው ነበር። መንግሥትም በበኩሉ ብዙ የማላይ ወጣቶችን በነፃ የትምህርት ዕድል ይልክ ነበር። ስለዚህ የመንግሥት ግምጃ ቤትም የግለሰብ ቤትም ከፓውንድና ከዶላር ጋር ታስረው ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከተቀባዩ አገር ነበር። ብሪታኒያ በ1967 የውጭ ተማሪዎችን ክፍያ ከዜጎቿ ክፍያ ከፍ አድርጋ ለይታ የነበረ ሲሆን፣ በ1979 ደግሞ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ አዲስ የሚገቡት የትምህርታቸውን ሙሉ ወጪ እንዲሸፍኑ ወሰነች። በ1981 ጠቅላይ ሚኒስትር ማሃቲር ሞሐመድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የብሪታኒያን ዕቃና አገልግሎት ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ እንዲገዙ አዘዙ። ለዚህ እርምጃ የአክሲዮን ገበያ ክርክርም ምክንያት ቢሆንም የተማሪዎቹ ክፍያ ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር። እገዳው በ1983 ተነሣ። በዚያው ዓመት የብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፍራንሲስ ፒም በሦስት ዓመት ውስጥ ለውጭ ተማሪዎች ድጋፍ የሚውል ተጨማሪ 46 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚመደብ አስታወቁ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሁለት መንግሥታት የንግድ ጠብ መነሻ እስከ መሆን ሲደርስ ዘወትር የሚታይ ነገር አይደለም።

በ1985 የቆርቆሮ ማዕድን ገበያ ወድቆ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲዳከም፣ የግል ኮሌጆች ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመዋዋል «መንትያ» የሚባለውን ፕሮግራም ማስፋፋት ጀመሩ። ተማሪው የመጀመሪያውን ወይም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአገሩ ተምሮ ቀሪውን በውጭ ይጨርሳል። «2+1» የሚለው አጠራር የመጣው ከዚህ ነው። የሁለት ዓመት የኪራይ፣ የምግብና የጉዞ ወጪ በአገር ውስጥ ሲቀር ባሕር ማዶ ለማስተማር አቅም ያልነበረው ቤተሰብም ሊሞክረው የሚችል ሆነ።

ከባዱ ፈተና ግን የ1997ቱ ነው። በሐምሌ ወር የታይላንድ ባህት ሲወድቅ የማሌዢያም ሪንጊት ተከተለው። ከቀውሱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.50 ሪንጊት ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥር 1998 ወደ 4.88 ተጠግቶ ነበር፤ በመስከረም 1998 መንግሥት በ3.80 እንዲጸና አደረገ። በምሳሌ ቢታሰብ፣ የዓመት ወጪው 10,000 ዶላር ለሆነ ተማሪ ወላጁ 25,000 ሪንጊት ይከፍል የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 49,000 ደረሰ፤ ዋጋው ከጸና በኋላም 38,000 ሆኖ ቀረ። የተማሪው ውጤት አልተለወጠም፤ ዩኒቨርሲቲውም አንዲት ዶላር አልጨመረም። ትምህርታቸውን አቋርጠው የተመለሱ ነበሩ፤ የአውስትራሊያም ዶላር በዚያን ጊዜ ስለ ወረደ ከብሪታኒያ ይልቅ አውስትራሊያን የመረጡም ነበሩ። አገር የሚመረጠው በትምህርቱ ጥራት ነው የሚለው ልማዳዊ አስተያየት በዚህ ላይ ብዙ አይረዳም።

በ1996 የወጣው የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሕግ መንገዱን አስቀድሞ ከፍቶ ስለ ነበር፣ መንግሥት በ1998 «3+0» የተባለውን ፈቀደ። በዚህ አሠራር ተማሪው ሦስቱንም ዓመት በአገሩ ሆኖ ይማራል፤ ሥርዓተ ትምህርቱና ዲግሪው ግን የውጭው ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2000 ደግሞ የብሪታኒያው ኖቲንግሃም በማሌዢያ ቅርንጫፍ ከፈቱ። ከጊዜ በኋላ ከኢንዶኔዢያ፣ ከቻይናና ከአፍሪካ ተማሪዎች ይመጡ ጀመር። ላኪ የነበረው አገር ተቀባይም ሆነ።

ይሁን እንጂ መፍትሔው ያለ ጉድለት አይደለም። ለግል ኮሌጅ አዋጭ የሚሆኑት እንደ ንግድ ሥራ አስተዳደርና ኮምፒዩተር ያሉ፣ ውድ ላቦራቶሪ የማይጠይቁ የትምህርት ዓይነቶች ናቸው፤ በሕክምናና በምሕንድስና ወጪው እጅግ ይከብዳል። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ድርሻ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑም ጥገኝነቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጥራትን የሚመረምር ብሔራዊ የዕውቅና ቦርድ ከ1996ቱ ሕጎች ጋር አብሮ መታሰቡ ብልህነት ነበር፤ ኮሌጆች ከተከፈቱ በኋላ ተቆጣጣሪ መፈለግ ከዚህ ይልቅ ይከብዳልና።

በ2020 ፈተናው ከገንዘብ ሳይሆን ከድንበር መጣ። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት አውስትራሊያ በመጋቢት 20 ቀን 2020 ዜጋዋ ወይም ነዋሪዋ ላልሆነ ሰው በሯን ዘጋች፤ የተከተቡ የውጭ ተማሪዎች በሰፊው መግባት የቻሉት በታኅሣሥ 15 ቀን 2021 ነው። ክፍያቸውን አጠናቀው በየአገራቸው የቀሩት በኢንተርኔት ሲማሩ፣ በአቅራቢያቸው የዩኒቨርሲቲው ቅርንጫፍ የነበራቸው ቢያንስ ቤተ መጻሕፍትና መምህር በቅርብ የማግኘት ተስፋ ነበራቸው።

ለኢትዮጵያ መምህራንና የፕላን ባለሙያዎች የሪንጊቱ ታሪክ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ ዓመቱ ሳይፈጸምም ከ100 ብር አለፈ። የማሌዢያው የ10,000 ዶላር ስሌት እዚህ ከ570,000 ብር ወደ አንድ ሚሊዮን ብር ያለፈ ለውጥ ይሆናል። የትምህርት ክፍያ በነፃ ያገኘ ተማሪ እንኳ የቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና የመጀመሪያ ወራት የመኖሪያ ወጪው ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም የ12ኛ ክፍል ተማሪን የሚያማክር መምህር ስለ ዩኒቨርሲቲው ስም ከመነጋገሩ በፊት የነፃ ትምህርቱ ደብዳቤ የትኛውን ወጪ፣ በየትኛው ገንዘብ፣ ለስንት ዓመት እንደሚሸፍን ከተማሪውና ከወላጁ ጋር በዝርዝር ማንበብ ይኖርበታል። የፕላን ባለሙያውም በውጭ ብቻ ሊገኝ የሚችለውን የትምህርት ዘርፍ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት ቆይታ በኋላ በአገር ውስጥ ሊፈጸም ከሚችለው መለየት ያለበት የመላኪያው በጀት ከመጽደቁ በፊት ነው።