«መጤ» ወይስ «ሰው አመጣሽ»? ወደ አዲስ ወንዞች ስለ ገቡ ዓሦች ስያሜ

ወልቂጤና ቡታጅራ የጉራጌ ተራሮች ከሚያለያዩአቸው ሁለት ተፋሰሶች ውስጥ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በወልቂጤ በኩል ያለው የዋቤ ወንዝ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ አድርጎ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። በቡታጅራ በኩል ያለው የመቂ ወንዝ ግን ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። እንግዲህ በአንደኛው ተፋሰስ ብቻ የሚኖር ዓሣ በሰው እጅ ተጓጉዞ በሌላኛው ቢለቀቅ ምን ተብሎ ይጠራ? «አገር በቀል» እንዳንለው ለውኃው ባዕድ ነው፤ «የውጭ» እንዳንለው ከአገር አልወጣም።

ጥያቄው ስለ ሳልሞን የተጻፉ የባሕር ማዶ ጽሑፎችን የሚተረጉሙትንም ይመለከታል። ለዚህ ሁሉ የተለመደው አቻ ቃል «መጤ» ነው። እኛ ግን ቃሉን በሁለት ምክንያት አንደግፈውም። አንደኛ፣ «መጤ» የሚለው በራሱ ፈቃድ የመጣውን ነው፤ እነዚህን ዓሦች ግን ያመጣቸው ሰው ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ኀላፊውን ይሰውራል። ሁለተኛ፣ ቃሉ ሰውን ከሰው ለመለየት ሲነገር የኖረ መራራ ቃል ነው። ልጆቻቸው ለንግድና ለሥራ ከአገር አገር በሚዘዋወሩባቸው በእነዚህ ከተሞች በዓሣ እርባታ ማስታወቂያ ላይ ቢጻፍ፣ አንባቢው ከዓሣው ይልቅ ስድቡን ያነብባል።

ስለዚህ እንደ «ሰው ሠራሽ» እና እንደ «ጊዜ አመጣሽ» አድርገን «ሰው አመጣሽ ዝርያ» ማለትን እንመርጣለን። ተቃራኒው «ነባር ዝርያ» ሲሆን፣ ነባርነት የሚለካው በአገር ወሰን ሳይሆን በተፋሰስ ነው። ለምሳሌ ቆሮሶ በብዙ የኢትዮጵያ ውኆች ነባር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በተለቀቀበት በሐይቅ (ወሎ) ግን ሰው አመጣሽ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎችም የየራሳቸው ስም ያስፈልጋቸዋል። ከሳልሞን አስተኔ የሆኑት ባለቀስተ ደመናውና ቡናማው ትራውት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥተው በባሌ ወንዞች ተለቀቁ። በዌብና በዳንካ ቀዝቃዛ ውኃ ያለ ሰው እርዳታ ስለ ተራቡ «ራሱን የቻለ» ዝርያ እንላቸዋለን። ቺኑክ የተባለው ሳልሞን ግን በቺሊ ከዓሣ እርባታ ወጥቶ፣ ባሕርን እንደ መንገድ ተጠቅሞ፣ እስከ አርጀንቲና ወንዞች ድረስ ዘልቋል፤ ይህ «ተስፋፊ» ነው። «ተዛማች» የሚለው በሽታን ስለሚያስታውስ አይስማማም። «ወራሪ» የምንለውም በነባሮቹ ወይም በውኃው ላይ ያደረሰው ጉዳት ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ዝምድናን በሚያሳዩ ስሞችም ጥንቃቄ ያሻል። ባለቀስተ ደመናው ትራውት ቀድሞ ከአትላንቲክ ሳልሞን ጋር «ሳልሞ» በተባለው ወገን ይመደብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ግን የፓስፊክ ሳልሞኖች ወደሚገኙበት ወደ «ኦንኮሪንከስ» ተዛወረ። ቡናማው በ«ሳልሞ» ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ተርጓሚው «ትራውት» የሚለውን ስም ብቻ አይቶ ሁለቱን አንድ ወገን እንዳያደርጋቸው እናሳስባለን።

የቃላቱ ልዩነት ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ ይሄዳል። በዝዋይ ካርፕ ሰው አመጣሽ ነው፤ ነገር ግን ተጠምዶ ይሸጣል፣ ይበላልም። ያለ ማስረጃ «ወራሪ» ብንለው የዓሣ አጥማጁን እንጀራ እንነካለን፤ ጉዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ በለዘበ ቃል ብንሸፍነው ደግሞ ሐይቁን እንበድላለን።