በነፃ የሚገኙ የኮምፒዩተር መገልገያዎችና የማሠልጠኛ ኮሌጆች የጽሕፈት ሥራ

ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ በሚሰማሩበት ወቅት ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ለየትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጻፋል። የሚለዋወጠው የትምህርት ቤቱ ስም፣ የሠልጣኞቹ ዝርዝርና ቀኑ ብቻ ሲሆን፣ አስተባባሪው መምህር ግን «ጉዳዩ» ከሚለው ጀምሮ «ከሰላምታ ጋር» እስከሚለው ድረስ ያንኑ ቃል ሲደጋግም ይውላል። ኮምፒዩተሩ የጽሕፈት መኪናውን ተካ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ድካም ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚቀንስ መገልገያ ማስተዋወቅና፣ ይልቁንም በየትኛው ሥራ ላይ ሊውል እንደማይገባ ማመልከት ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከመካተቱ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው አይነበብም ነበር። ዛሬ ይህ ችግር በአመዛኙ ስለተወገደ፣ ለሌሎች ቋንቋዎች የተሠሩ መገልገያዎችን ለአማርኛም ማዋል ይቻላል።

ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው፣ በነፃ የሚሠራጨውና በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው አውቶሆትኪ ነው። ተጠቃሚው ትእዛዙን በተራ የጽሑፍ ፋይል ይጽፋል። ለአሕጽሮቱ ከፊቱም ከኋላውም የላቲኑ ሁለት ነጥብ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደረግለትና ሙሉው ሐረግ ይከተለዋል። ከዚያ ወዲያ አሕጽሮቱ ተጽፎ የክፍተት ቁልፍ ሲነካ ሐረጉ በቦታው ይተካል። የአማርኛ ሆሄ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ በሆነ ቁልፍ ስለሚገነባ አሕጽሮቱን በላቲን ፊደል ማድረጉ ይመረጣል። ፋይሉ ዩቲኤፍ ስምንት በተባለው አቀማመጥ ካልተቀመጠ አማርኛው ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል፤ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ሁለተኛው እትም የትእዛዝ አጻጻፉን ስለለወጠ፣ አንድ ተቋም ከሁለቱ አንዱን መርጦ መጽናት ይኖርበታል።

መገልገያው ከዚህም አልፎ ቁልፍ በሰው ፈንታ ይመታል። አደጋው ያለው በዚህ ነው። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ተቋም ውጤት ከአንዱ ሮስተር ወደ ሌላው የሚገለብጥ ትእዛዝ ራሴ አዘጋጅቼ ነበር። በሥራው መካከል አንድ የማስጠንቀቂያ መስኮት ብቅ አለ። ትእዛዙ የሚያይበት ዓይን የለውምና ቁልፎቹን መምታቱን ቀጠለ። አንድ ረድፍ ሳይለጠፍ ቀረ፤ ከዚያ በታች ያሉት ሠልጣኞች ሁሉ የተከታያቸውን ውጤት ተቀበሉ። ስሕተቱ የታወቀው አንዲት ሠልጣኝ ባለፈችበት ትምህርት ወድቀሻል ተብላ አቤት ባለች ጊዜ ነው። የሠላሳ አራት ሰዎች ውጤት ከፈተና ወረቀት ላይ እንደገና ተመዘገበ።

ስለዚህ ውጤት በቁልፍ መምቻ ሊዛወር አይገባም። እንደ ሊብሬኦፊስ ካልክ ባለው፣ በነፃ በሚገኝ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ የሠልጣኙን ቁጥር ፈልጎ ከጎኑ ያለውን ውጤት የሚያመጣ ቀመር አለ። ፍለጋው በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር መሆን ይኖርበታል፤ «ኃይሉ» እና «ሃይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሁለት ናቸውና። ቀመሩም ቁጥሩን በትክክል ካላገኘ ስሕተት መኖሩን እንዲያሳይ እንጂ ተቀራራቢውን እንዲያመጣ መታዘዝ የለበትም።

የቀረው የርክክብ ጉዳይ ነው። ትእዛዙን የጻፈው መምህር ሲዛወር ፋይሉ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ አንድ ነገር ሲበላሽም ቢሮው ወደ እጅ ሥራ ይመለሳል። በአውቶሆትኪ ፋይል ውስጥ በላቲኑ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ የሚጀምር መስመር በፕሮግራሙ ይታለፋል። በዚህ መስመር ላይ የጸሐፊው ስም፣ የተጻፈበት ቀን፣ ፋይሉ የሚያከናውነው ተግባርና የተዘጋጀበት እትም በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። የታተመ ቅጂውም ከመምሪያው ማኅተም ጋር በአንድ መሳቢያ ይቀመጥ።